አቶ ውድነህ ከወንበራቸው ሲነሱ

ከበቡሽ አዳራሹ በር ላይ ሽጉጥ ታጥቆ የቆመውን ፖሊስ ስታይ ቆም አለች። "በኢየሱስ ስም!" አለች። ኑና አስተያየት ስጡ ያለው እኮ የከተማው ምክር ቤት ራሱ ነው። የአባቷን የአቶ ውድነህን ክንድ ደገፍ አድርጋ አስገባቻቸው፤ ደህነኛውን ክንድ። ግራው ገና በጨርቅ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2008 ነው፣ የአሜሪካዋ ዴንቨር ለዴሞክራቶች ፓርቲ ትልቅ ጉባኤ ሽር ጉድ የምትልበት። አንድ እሁድ፣ አጎራባች ከተማ ኦሮራ ካለው ቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ምሳ ሊበሉ ሲሉ የቤታቸው በር ተገንጥሎ ወደቀ። ፊታቸውን የሸፈኑ፣ የራስ ቁር ያጠለቁ ሰዎች ጠመንጃ ደግነው ገቡ። ለካስ የሚፈልጉት የጎረቤት ቤት ነው! "አትንቀሳቀሱ!" ብለው በእንግሊዝኛ ሲያንባርቁ አቶ ውድነህ ምን አደረጉ? ሰው ገባ አይደል? ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲገባ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ። ወይ የእኛ ነገር! በር ሰብሮ ለገባም እንነሳለን። ወለሉ ላይ ሲደፏቸው ትከሻቸው የተሰበረበትን ድምፅ ከበቡሽ ሰምታዋለች። ፖሊሶቹ በኋላ "ሊያጠቃን ተነሳ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ውድነህ ለማንም አይነሱም። ፓስተሩ ሊጠይቋቸው ሲመጡ እንኳ ወንበሩን ጨብጠው ቀሩ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ።

አሁን ደግሞ ከተማዋ ለእነዚያው ፖሊሶች እንደ ጦር ሜዳ ብረት ለበስ መኪና ልትገዛ ነው። የሰፈሩ ሰው፣ ሐበሻውም ሜክሲኮውም፣ አይሆንም ብሏል። ማይክሮፎን ፊት ቆሞ የደረሰበትን የሚናገር ግን ጠፋ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ስለሺ "አንቺ ካልተናገርሽ ይገዙታል" አላት። እሺ አለች። እሺ ያለችበትን አፏን ስትረግም ሰነበተች፤ በምትሠራበት የኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሳ እንኳ የምታስበው አንድ ነገር ነው። ተመልሰው ቢመጡብንስ?

ስሟ ተጠራ። ማይክሮፎኑ ጋ ስትደርስ ያጠናችው እንግሊዝኛ ሁሉ እልም አለ። ሰብሳቢዋ ትጠብቃለች፤ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ አፍጥጦ ያያታል። በቃ፣ ልትመለስ ነው።

ከኋላዋ ወንበር ተንቋቋ። ዞር ስትል አቶ ውድነህ እየተነሱ ነው። የፊታቸውን ወንበር በደህናው እጃቸው ተደግፈው። ደግሞ ለማን? ለልጃቸው! አባት ለልጁ ይነሳል እንዴ?

"ኖር፣ ልጄ! አይዞሽ!" አሉ ጮክ ብለው።

የፖሊሱ እጅ ወደ ወገቡ ሄደ።

"አባባ ይቀመጡ!" ብላ ጮኸች ከበቡሽ፤ ጩኸቷ በማይክሮፎኑ አዳራሹን አናጋው። "በጌታ ይቀመጡ፣ ይገድሉዎታል!"

አማርኛ የሚሰማው ጥቂት ሰው ነው፤ የፖሊሱን እጅ ግን ሁሉም አየ። እሱም ራሱ አየውና ቀስ ብሎ አወረደው።

"ምንድን ነው ያለቻቸው?" ብላ ጠየቀች ሰብሳቢዋ። አብሯቸው የመጣው ስለሺ ተረጎመላት።

አቶ ውድነህ አልተቀመጡም። ከበቡሽ ፊቷን ወደ ማይክሮፎኑ መለሰች።

"ያን ቀንም አባቴ የተነሱት እንዲህ ነው" ብላ ጀመረች።