የወሬ አውጫጭኝ

ኑርሁሴን ጋሪውንና ፈረሱን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ በጭነት መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ አቀበቱን እየተንገጫገጨ ሲወጣ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ዘይቱና ያን መርፌ ሳትወጋ መድረስ።

ዘመኑ ሰማንያ አንድ፣ ማጅራት ገትር አገሩን ያመሰበት ዓመት ነው። ልጅ ማታ ራሴን ብሎ ይተኛል፤ ጧት አንገቱ ደርቆ ይገኛል። መንግሥት ክትባት አመጣሁ አለ። ከክትባቱ ጋር ወሬውም መጣ፤ መርፌው ወንዱን ለውትድርና ምልክት ያደርግበታል፣ ሴቷን ያመክናል ተባለ። ወሬ እግሩን ሲደክመው ጋሪ ይሳፈራልና ኑርሁሴን ያልሰማው አልነበረም። ዘይቱና ደግሞ አንድ ልጁ ናት። እናቷ ሞታ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አክስቷ ሐዋ ዘንድ ሆና ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች። ከእሷ የልጅ ልጅ ካላየሁ ምን ቀረኝ፣ ነው የሰውየው ነገር።

ኑርሁሴን የተማረ ሰውም አያምንም። አራተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ «ፈረስ ፈረስ ትሸታለህ» ብሎ በር ጥግ ለብቻው አስቀምጦት፣ በዚያው ወጥቶ ቀረ። ሚስቱን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የደረሰ ቀንም ጋውን የለበሰው ሰው «እናንተ ሰው ካለቀ በኋላ ነው የምትመጡት» ብሎታል። እነዚህን ሁለት ቃላት እንደ ጥርስ ሕመም ሲያስታምማቸው ኖሯል።

ደሴ እንደወረደ በቀጥታ ትምህርት ቤቷ ሄዶ፣ የክፍሏን በር ሳያንኳኳ ገፋው።

«ዘይቱና! ተነሽ፣ እንሂድ!»

ልጆቹ በረድፍ አልተቀመጡም፤ ክብ ሠርተዋል። ሌላ አንዲት ልጅ ከመምህርቷ ቀድማ፣ «አባቴ፣ መውጣት የለም። አውጫጭኝ ላይ ነን» አለችው።

ኑርሁሴን ክው አለ። አውጫጭኝ ያውቃል። ከብት የተሰረቀ፣ ክምር የተቃጠለ እንደሆነ አገሬው ሜዳ ይወጣል፤ ያየውንና የሰማውን ሳይናገር ቤቱ የሚገባ የለም።

«ምን ተሰርቆ ነው?»

«ወሬ ገብቶብን ነው። ያስገባውን እያወጣጣን ነው» አለች መምህርቷ። አረጋሽ ትባላለች፣ እፍ ቢሏት የምትወድቅ ቀጭን ሴት። «እርስዎም ከገቡ ይቀመጡ። ሥርዓቱን ያውቁታል።»

ያውቀዋል። የአባቶቹን ሥርዓት ረግጦ መውጣት ከበደውና አግዳሚው ጫፍ ላይ ዱብ አለ። በሩ ጋ የቀበሌው ተወካይ ጓድ ፈንታሁን እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ከጎኑ መርፌ ወጊው ድሬሰር ደጉ የመርፌ ሳጥኑን ታቅፎ ይጠብቃል።

ልጆቹ ይጠያየቃሉ።

«ያየሽው ነው የሰማሽው?»

«የሰማሁት። ከወርቅነሽ።»

ወርቅነሽ ተነሳች። «እኔ ፒያሳ፣ ሱቅ በር ላይ ሲያወሩ ነው።»

«እነሱስ አይተዋል?»

«አልጠየቅኋቸውማ!»

ሳቅ ሆነ። አረጋሽ ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍላ፣ በቀኝ «ያየ» በግራ «የሰማ» ብላለች። ግራው በስም ሞልቷል። ቀኙ ባዶ ነው።

የዘይቱና ተራ ደረሰ። «መርፌው ሴት ያመክናል ሲባል ሰምቻለሁ» አለች።

«ከማን?»

አባቷን አየችው። ዓይኗን አልሰበረችም። «ከአባየ።»

የኑርሁሴን ፊት ጋለ። መጣች፣ አለ በልቡ፤ ያቺ የበር ጥግ መጣች። ግን የሳቀ አልነበረም። አረጋሽ ሌላውን በጠየቀችበት ድምፅ፣ «እርስዎስ፣ አይተዋል ወይስ ሰምተዋል?» አለችው።

«አይቻለሁ!» ብሎ ብድግ አለ። «ወላሂ በዚህ ዓይኔ! ኮምቦልቻ ለክትባት ከተሰለፉት ሦስት ጎረምሶች ታፍሰው መኪና ላይ ሲጫኑ አይቻለሁ! ውሸት ነው በሉኛ!»

 ጓድ ፈንታሁን እጁን ከኪሱ አወጣ። «ጓድ መምህርት፣ ይኼ የአድኃሪ አሉባልታ ነው። እንዳይጻፍ።»

አረጋሽ ጠመኔዋን አነሳች።  «ያየ» ከሚለው ሥር ጻፈች፤ «አቶ ኑርሁሴን። ከሰልፍ ሦስት ልጆች ተወሰዱ።»

«ሰው ያየውን ካጠፋሁበት፣ ጓድ፣ ነገ ስለ መርፌው ብነግራቸው ማን ያምነኛል?» አለች ሳትዞር።

ኑርሁሴን ወደ ሰሌዳው አንጋጠጠ። ከተወለደ ጀምሮ የእሱ ቃል ሰሌዳ ላይ ሲሰፍር አይቶ አያውቅም። ሰው ጥላውን በሚጠረጥርበት በዚህ ዘመን፣ ይቺ ሴት! ሱብሃነላህ!

«አሁን ደግሞ ይንገሩኝ» አለችው። «በመርፌው የመከነች ሴት አይተዋል?»

«እሱንስ ሰማሁ» አለ። «ከተሳፋሪ። ስሙንም አላውቀው።»

በግራም ጻፈችው፤ በዚያው ባማረ ፊደል።

ይኼኔ ዘይቱና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እርስዎስ? መርፌው ያድናል ያሉን አይተው ነው ሰምተው?»

ይቺ ልጅ ዛሬ ተገረፈች፣ አለ ኑርሁሴን። የአረጋሽ ፊት ግን ፈካ። «ሰምቼ» ብላ የራሷን ስም በግራ ጻፈች።

«ከማን?» አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

«ከደጉ።»

ደጉን ጎትተው ክቡ መሃል አቆሙት። አላበው። «ሁለት መንደር ነው የዞርሁት» አለ። «አንደኛው ሳይከተብ በሽታው ቀደመን፤ ሬሳ ስናነሳ ከረምን። ሌላው ተከትቦ ነበር። እዚያ የታመመ የለም አልልም፤ ሁለት አሉ። መርፌው ሳይዝላቸው በፊት በሽታው ይዟቸው ይሆናል፣ እሱን አላውቅም።»

ስሙ በቀኝ፣ ከኑርሁሴን ሥር ሰፈረ።

«እንግዲህ በታየው እንሥራ» አለች አረጋሽ። «አቶ ኑርሁሴን ካዩት የተነሳ ደጅ ሰልፍ የለም። እዚሁ፣ በር ተዘግቶ ነው የምንከተበው። ጓድ ፈንታሁን ማንም እንዳይወሰድብን በሩን ይጠብቁልናል።»

ጓዱ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ የልጅ ዓይን ተተክሎበታል። ወጥቶ በሩን ዘጋው።

«አባየ፣ ሄጄ ልወጋ?» አለች ዘይቱና።

በእጁ ወደ ደጉ አሳያት። መርፌው ሲገባ ጥርሷን ነከሰች። እሱ የራሱን ክንድ ጨምድዶ ይዞ «አይዞሽ እናቴ» ሊላት ሲጠጋ፣ እሷ ወደ ደጉ ዞራለች።

«ብልቃጡ ውስጥ ያለው ከምን ይሠራል?»

«ክንድሽን ያዢና ዝም በይ!»

«አይ፣ ንገራት እንጂ» አለ ኑርሁሴን አግዳሚውን ስቦ እየተቀመጠ። «እኔም ልስማ።»