ሽባባውና ከኩይሳው ኋላ የወጣው ጅግራ

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፤ ቁጣ እንደ ገለባ እሳት ፈጥኖ ነድዶ ፈጥኖ ይጠፋል፤ ቂም ግን አመድ ለብሶ የሚያድር የኩበት ፍም ነው፤ ባለቤቱ ሲሞቀው ይኖራል እንጂ ቤቱን እንደሚያቃጥልበት አያስተውልም። በጦር የቆሰለ ሰው በጊዜ ብዛት ይሽራል፤ በአደባባይ የተሳቀበት ሰው ግን ቁስሉን በየማለዳው በገዛ እጁ እየነካካ ያመረቅዘዋል።

ጠመንጃ ገና ባልበዛበት በቀድሞው ዘመን፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሽባባው የሚባል፣ በእርሻውም በአደኑም የተመሰገነ፣ ንግግሩ ጥቂት፣ ትዕግሥቱ ብዙ የሆነ ገበሬ ይኖር ነበር። ይህ ሰው ጅግራ የሚያድነው እንደ ሌሎቹ በቅጠል ጎጆ ተሸሽጎ አልነበረም፤ ፊቱንና ቀስቱን ጭቃ ቀብቶ፣ ጀርባውን ለዛፍ ሰጥቶ፣ በገላጣ መሬት ላይ እንደ ጉቶ ደርቆ ይቀመጥና፣ የወፏ ራስ ከኩይሳ ኋላ በተሰወረበት ቅጽበት ብቻ ቀስቱን ይስብ ነበር። አንድ ቀን በማኅበር ጠላ ላይ ይህን ቢናገር፣ ዳምጤ የሚባል ምላሱ ከመጥረቢያ የተሳለ ጎረቤቱ ዋንጫውን አስቀመጠና፣ «አያ ሽባባው፣ ጅግራዪቱ እግሯ ታስሮ ነበር ወይስ ዓይኗ ጠፍቶ?» አለው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ የገዛ ሚስቱ እንኳ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያች ዕለት ወዲህ ሽባባው በመንደር ባለፈ ቁጥር ሕፃናቱ ከአጥር ኋላ እንደ ጅግራ ይጮኹበት ጀመር፤ እርሱም የሚስቱን ሳቅ በልቡ ይዞ ክረምቱን አሳለፈ።

መስከረም በጠባ ጊዜ ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ አስራደ ሄዶ፣ «ዳምጤ አጠገቤ ተቀምጦ በዓይኑ ይይ። ጅግራ ከአሥር ክንድ ወዲህ ገብቶ ካልጣልሁ፣ የአባቴን ቀስት ይውሰድ፤ ከጣልሁ ግን በማኅበሩ ፊት ቆሞ በከንቱ አፊዤበታለሁ ይበል» አለ። ጭቃ ሹሙም ሁለቱን አስማምቶ፣ «ቀስት ከመሳብ በቀር የተንቀሳቀሰና ወፉን ያስበረገገ ተረታ» ሲል ፈረደ። ዳምጤ ግን፣ «እኔ እንኳ ተቀምጦ መዋል አያቅተኝም፤ ሚስቴን ጠይቋት!» ብሎ ዳኛውን ሳይቀር አሳቀ።

ነገር ግን ሽባባው ከእውነቱ ጋር በቀሉን ቀላቅሎ ነበር። የጠላቱን መቀመጫ አስቀድሞ መርጦ፣ በለምለም ሣር የተሸፈነ የገብረ ጉንዳን ጉድጓድ ላይ አደረገው። ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ፊታቸውን ጭቃ ቀብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጭቃ ሹሙም ከሩቅ ጉብታ ላይ ሆኖ ይመለከት ነበር። ፀሐይ ብቅ ስትል ጉንዳኑ ተነሣ፤ በዳምጤ ቁርጭምጭሚት ወጣ፤ በጉልበቱ አለፈ፤ ወደ ጭኑም ዘለቀ። ያ ፌዘኛ፣ ያ ቀልደኛ ሰው ግን ጥርሱን ነክሶ፣ እንባው በጭቃው ላይ ቦይ እያበጀ፣ እንደ ተተከለ ምሰሶ ጸና።

በዚያን ጊዜ የጅግራው መንጋ መሬቱን እየጫረ መጣ፤ በፊቱም አውራው፣ ራሱ ሰማያዊ፣ ላባው ጠቃጠቆ፣ እንደ ባላባት እየተጎማለለ ይመራ ነበር። አውራው ከኩይሳው ኋላ ሲሰወር ሽባባው ቀስቱን ሳበ፤ ከኩይሳው ወዲህ ሲወጣም ከአሥር ክንድ ባነሰ ርቀት ደረቱን ሰጠው። ፍላጻውን መልቀቅ ብቻ ቀርቶት ሳለ፣ ክረምቱን ሙሉ የተመኘው ነገር ከጎኑ ጠራው፤ የዳምጤን ፊት በሥቃይ ተጨማድዶ ለማየት ዓይኑን ዘወር አደረገ። የዓይኑ ነጭ ለአውራው በቃው። መንጋው ጮኾ በረረ፤ ፍላጻውም ኩይሳው ላይ ተሰካ።

«ኧረ ጉንዳን! ኧረ ሰዎች፣ በላኝ!» እያለ ዳምጤ ዘሎ ሱሪውን አወለቀ። ጭቃ ሹሙ እየሮጠ ደርሶ፣ «ማን አስበረገገው?» ብሎ ጠየቀ። ሽባባው፣ ዳምጤ ነው ብሎ ቢዋሽ እንኳ ጉንዳኑ ይመሰክርለት የነበረ ሰው፣ «እኔ ነኝ» አለ። ዳምጤም የተነከሰውን እግሩን እያሻሸ ሣሩን ገለጥ አድርጎ ጉድጓዱን አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳይስቅ ተናገረ፤

«አያ ሽባባው፣ ጅግራውን አይቼዋለሁ፤ የተናገርኸው ሁሉ እውነት ነበር። እርሱን ብትጥለው ኖሮ በማኅበሩ ፊት ተንበርክኬ እመሰክርልህ ነበር። አሁን ግን ስለ ጉንዳኑ ብዬ እውነትህን ለማንም አልመሰክርልህም፤ ቀስቱንም እወስዳለሁ።»

ሽባባው የአባቱን ቀስት በሁለት እጁ ሰጠ። ባዶ እጁን ወደ መንደር ሲገባ ሕፃናቱ ከአጥር ኋላ እንደ ጅግራ ጮኹበት፤ ሚስቱም ከደጅ ቆማ እጁን አየች እንጂ አልሳቀችም፤ ይህም ከሳቋ ይልቅ ወጋው። በአንድ ዓይን ክብሩንና በቀሉን ሊያድን የሚወጣ ሰው፣ ክብሩ በፊቱ ቆሞ ሳለ ወደ በቀሉ ዘወር ይላልና።