ለዛንዚባር የተዘጋጀ ሻንጣ

ዓብዱልመጂድ የወተቱን ዕቃ፣ ጮጮውን፣ ከሻንጣው አውጥቶ ክዳኑን አሸተተ።

«አዴ ቀድሪያ፣ ይሄ አውሮፕላን ላይ አይወጣም።»

«ለምን?»

«ወተት ነዋ። ፈሳሽ በእጅ አያሳልፉም። ከሻንጣው ጋር ቢጫን ደግሞ ልብስዎ ላይ ይደፋል።»

«የግመል ወተት ነው፤ ቶሎ አይበላሽም።»

«ባይበላሽም አያሳልፉትም።»

ቀድሪያ ነገሌ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ልጇ ካውሰር ዛንዚባር ውስጥ የሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር፤ አሁን ጉበቷን ታማ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ ቤተሰብ ይምጣ ብሏል። ካውሰር በስልክ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በወይራ ጭስ የታጠነ የቤት ወተት። እናቷ ነገ ማለዳ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ትሄዳለች። ከሐዋሳ አልፋ አታውቅም። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት የሆነው ዓብዱልመጂድ ግን ለንግድ ደሴቲቱን ተመላልሶባታልና ሻንጣዋን እንዲያይላት ወደ ሱቋ ጠርታዋለች።

«ፌስታል ይተው፤ እዚያ ተከልክሏል። ውሃ የታሸገውን ብቻ ይጠጡ። ልብስ ስስ ጥጥ ይሁን፤ ሙቀቱ እንደኛ ደረቅ አይደለም፣ ሰው ቆሞ ይቀቀላል። ባሕር ዳር ባዶ እግርዎን እንዳይሄዱ፣ እሾህ ያለው እንስሳ አለ። ማዕበሉ ሲሸሽ ደግሞ ተከትለው እንዳይገቡ፣ ሲመለስ አያስጠነቅቅም።»

«ልዋኝ የምሄድ መሰለህ እንዴ?»

«ቱሪስቶቹ እርስዎን ሲያዩ ዋና ያስተምሩን ይላሉ።»

ፈገግ ልትል ስትል ስልኳ ጠራ። የካውሰር የሥራ ባልደረባ ማሚቴ ነበረች።

«አካም ማሚቴ፣ ናጋ ነው?»

ማሚቴ ሰላምታውን ዘለለችው።

«ከጠዋት ጀምሮ ውሃም አልወርድ ብሏታል፣ እማማ። ስጠራት ዓይኗን አትገልጥም። ቶሎ ይምጡ።»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ።»

ቀድሪያ የልጇን ስም ደጋግማ ጠራች። ከወዲያ የተሰማት የከበደ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ስልኩን ዘግታ ተነሳች። ወተቱን ወደ ድስት ገለበጠች፣ ጮጮውን አጥባ አደረቀች፣ የጋመ የወይራ ፍልጥ ከታ እያንከባለለች እንደገና አጠነችው። ዓብዱልመጂድ የሚይዘው ሲያጣ ምክሩን ቀጠለ።

«ባዶውን ግን ማንም አይከለክልዎም። ታክሲ ሲይዙ ሳይሳፈሩ ዋጋ ይነጋገሩ። የወባ መድኃኒትም...»

ቀድሪያ ከመደርደሪያው ነጭ አቡጀዲ አወረደችና መቀሱን አነሳች። አንድ ቁራጭ ለየች፤ ከዚያ ሌላ። ዓብዱልመጂድ ስስ ጥጥ ይሁን ያላትን የሰማች መስሎት ነበር።

«ይሄ ለልብስ ወፍራም ነው፣ አዴ። ቀለል ያለውን...»

አምስተኛው ሲቆረጥ ቁራጮቹን በዓይኑ ቆጠረ። ለሴት ከፈን ስንት ቁራጭ እንደሚያስፈልግ እሱም ያውቃል። በዚህ ሱቅ የራሱን እናት ከፈን የቆረጠችለት ቀድሪያ ናት።

«እዚያም እኮ ጨርቅ ይገኛል» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቀድሪያ ጭሱ ገና የሚሸተውን ባዶ ጮጮ በአምስቱም ቁራጭ አንድ በአንድ ጠቀለለችውና ሻንጣው ውስጥ፣ ወተቱ የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«ጨርቁን ሽታው ይያዘው» አለችና ዚፑን ዘጋች።