መኳንንት የሞላው ሳጥን

እየሩስ የክትባት ሳጥኑን ከፍታ እጇን ስትሰድ ጣቷ በረዶ አልነካም። ክትባቱን ከሚያቀዘቅዙት የፕላስቲክ በረዶ መያዣዎች አንዱን፣ አይስፓኩን፣ አውጥታ ወዘወዘችው፤ ውስጡ ያለው ውሃ ተንቦጫቦጨ። ሁለተኛውንም አወጣች፤ እሱም ውሃ ነው። አራቱም ውሃ ናቸው። መሐላቸው የተደረደሩትን ብልቃጦች በመዳፏ ያዘቻቸው፤ ለብ ብለዋል። ከስምንት ዲግሪ ማለፍ የሌለበት ቴርሞሜትር ሃያ አንድ ላይ ቆሟል።

በድንጋይ ካብ የታጠረው የቀበሌው ግቢ በበግ ሞልቷል። ሦስት መቶ ገደማ ይሆናሉ። ባለቤቶቻቸው በርኖሳቸውን እንደደረቡ ካቡን ተደግፈው ይጠብቋታል። ከማዶ ባለው ቀበሌ የበግ ፈንጣጣ ከገባ አሥር ቀኑ ነው።

"ምነው ልጄ፣ አትጀምሪም?" አሉ ከሁሉ ፊት የቆሙት እማማ አልጣሽ። አሥራ አንድ በጎቻቸውን እየነዱ ከጓሳ ጥግ ሦስት ሰዓት በእግራቸው መጥተዋል። "የእህቴ በረት እንዳለ አለቀ እኮ። አንዲት ግልገል አልተረፈቻትም።"

"እሺ እማማ፣ አንድ ጊዜ" አለች እየሩስ። ድምፅዋ ራሷን አላሳመናትም።

ሳጥኑን የሞላላት መኳንንት ነው። መሐል ሜዳ ባለው የእንስሳት ክሊኒክ እሱ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል፤ እሷ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ለስድስት ወር ስልጠና የተመረጠችው እሷ መሆኗ ሲነገር እጇን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለሽ አላላትም። ከዚያ ወዲህ የምትፈልገው መርፌ ካስቀመጠችበት አይገኝም። ባለጉዳይ ፊት "እሷ ገና ተማሪ ናት" ይላል። ማታ ማታ ስንት ከብት እንዳከመች መዝገቧን ገልጦ ያያል፤ በማግስቱ ከዚያ የሚበልጥ ካላከመ ፊቱ አይፈታም። ዛሬ ጠዋት ግን ሳጥኑን ሞልቶ፣ ዘግቶ፣ ሞተር ብስክሌቷ ላይ አስሮ ጠበቃት።

"ይኸው፣ እንዳትደክሚ ብዬ ነው" አላት።

የታረቃት መስሏት ልቧ ቀለላት። እፊቱ ክዳኑን ከፍታ መፈተሽ አሳፈራት። አመስግናው ሄደች።

አሁን ብልቃጦቹን እያየች ቆመች። በጥብጣ በጎቹን ብትወጋ ማንም አያውቅባትም። በጎቹ በመርፌው አይሞቱም፤ ሪፖርቷም ላይ ሦስት መቶ ተብሎ ይጻፋል። ግን በሽታው ሲመጣ መርፌው አይመክትላቸውም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አስከትበናል ብለው መከላከያ የሌለውን በግ በጋራ ግጦሽ ላይ ይለቃሉ።

"እማማ" አለች፣ "ዛሬ አልከትብም። ክትባቱ ሞቆ ተበላሽቷል። ብወጋቸውም አይጠቅማቸውም።"

ካቡን ተደግፈው የነበሩት ሰዎች ተጠጉ።

"አጨዳ ጥለን እኮ ነው የመጣነው!" ብሎ ጮኸ ከኋላ አንድ ጎልማሳ። "መንግሥት በእኛ ይቀልዳል?"

"ማነው ያበላሸው?" አሉ እማማ አልጣሽ።

የመኳንንት ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። "እኔ ነኝ፣ ሳላየው ይዤ የመጣሁት" አለች።

"እንግዲያው መኳንንትን ላኩልን" አሉ አሮጊቷ በጎቻቸውን ወደ በሩ እየመለሱ። "እሱ እንዲህ አድርጎን አያውቅም።"

ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ስትደርስ መኳንንት በቅርብ ካለው ቀበሌ ተመልሶ ጓንቱን ያጥባል። የእሱ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ነው። ሳትጠይቀው ከፈተችው። አራት አይስፓክ በሚይዘው ሳጥን ውስጥ ስምንት ተጠቅጥቀዋል፤ ሁሉም ገና በረዶ ናቸው።

"ጋሽ መኳንንት፣ ትናንት ፍሪዘር የከተትኳቸው ስምንቱም እርስዎ ጋ ናቸው። ለኔ የቧንቧ ውሃ ነው የሞሉልኝ።"

"ቸኩዬ ተምታትቶብኝ ይሆናል።"

"አልተምታታብዎትም።"

መኳንንት ውሃውን ዘጋ። 

"ይህን አገር በእግሬ ነው የጨረስኩት" አለ። "በዝናቡም በውርጩም። የስልጠናው ደብዳቤ ሲመጣ የተነበበው ግን ያንቺ ስም ነው። አንድ ቀን ብቻ ... ባዶ እጅሽን ስትመለሺ ለማየት ፈለግኩ።"

"እማማ አልጣሽ አሥራ አንድ በጎቻቸውን ይዘው ሦስት ሰዓት ተጉዘው ነበር" አለች እየሩስ። "ስመልሳቸው ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? መኳንንትን ላኩልን አሉኝ።"

መኳንንት እጁን ሳያደርቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ኪዳነ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሶት ኖሮ በሩን ከፍቶ ገባ። "ሦስት መቶ ዶዝ ተበላሽቷል አሉ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ስጪኝ፣ ዛሬውኑ። የስልጠናሽም ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል" አላትና ወጣ።

መኳንንት ኮቴው እስኪርቅ ጠብቆ ተነሳ።

"እየሩስ፣ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለብኝ። ሁለተኛ ከተጨመረ ያባርሩኛል። ሦስት ልጅ ነው የማስተምረው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መብራት ጠፍቶ ነው በይ። እዚህ አገር መብራት ሲጠፋ ማን ይጠይቃል? አንቺም ስልጠናሽን ትሄጃለሽ፣ እኔም እንጀራዬን እበላለሁ።"

እየሩስ ወረቀት አውጥታ ተቀመጠች። መኳንንት የነገራት እውነት መሆኑ ነው የከበዳት። መብራት ጠፍቶ ነበር ብላ ብትጽፍ ጉዳዩ በአንድ መስመር ያልቃል። ሁለቱም ይድናሉ። ነገ ጠዋት ደግሞ እዚሁ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱን ብልቃጥ እየጠረጠረች ሳጥኗን ትሞላለች።

እስክሪብቶውን አንስታ ጻፈች። ሳጥኑን ሳትፈትሽ ይዛ መሄዷ የራሷ ጥፋት መሆኑን አስቀደመች። አይስፓኮቹን የቀየሩት አቶ መኳንንት መሆናቸውን ቀጠለች። እዚያ ላይ ለማቆም ብዕሯን አነሳች፤ ከዚያ ሌላ አንድ መስመር ጨመረች። ሳትፈርም ለእሱ አቀበለችው።

መኳንንት ስሙ ጋ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ። የመጨረሻውን መስመር ግን ድምፁን አውጥቶ አነበበው።

"'በሽታው ሳይደርስ ክትባቱ በነገው ዕለት እንዲሰጥ፣ አቶ መኳንንትም ነዋሪው የሚያምናቸው ባለሙያ ስለሆኑ አብረውኝ እንዲመደቡልኝ እጠይቃለሁ።'" ቀና ብሎ አያት። "ይህን ሁሉ ጽፈሽብኝ አብሬሽ የምሄድ ይመስልሻል?"

"አላውቅም" አለች እየሩስ። "በጎቹ ግን ሦስት መቶ ናቸው፤ ብቻዬን አልጨርሳቸውም።"

እጇን ዘረጋች። መኳንንት ወረቀቱን አንዴ አጥብቆ ይዞት ቆየ፤ ከዚያ ለቀቀላት። ቆማ ፈረመችና ወደ አቶ ኪዳነ ቢሮ ሄደች።