የሉሊት ጨሌ

ታንጉት ልጇን አዝላ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ እየሩስ መጀመሪያ ያየችው ዝናብ ያበሰበሰውን ነጠላዋን ሳይሆን አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ጨሌ ነበር። አሥራ ሁለት የጭቃ ፍሬ፣ ስድስቱ ቀይ፣ ስድስቱ ጥቁር፣ ሁሉም እኩል። እየሩስ የአንዱን ሕፃን ጫማ እየፈታች ነበር፤ እጇ ማሰሪያው ላይ ቀረ።

«አላወልቀውም ብዬ አደርሁበት» አለች ታንጉት እየሳቀች። «ያየ ሁሉ ማን ሠራልሽ ይለኛል። ልጄ ናት የሠራች እላለሁ። እየሩስየ፣ እንደው ምን ብዬ ላመስግንሽ?»

እየሩስ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ታንጉት በዚሁ ወረታ ከተማ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ቢሮ የምታጸዳ ሴት ናት። የሕፃናት ማቆያው ሁለት ክፍል ነው፤ የሠራተኞቹ ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ይውሉበታል፣ እየሩስ ደግሞ ሞግዚታቸው ናት። የታንጉት ልጅ ሉሊት ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ስትወለድ ቀኝ ክንዷ ተስቦ ጅማቱ ተጎዳ፤ እጇ ከዚያ ወዲህ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው የሚንጠለጠለው። እናቷ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ እጇን ለማሳሸትና ለማፍታታት ባሕር ዳር ስታመላልሳት ቆይታለች። በክረምት ከምትኖርበት ከቁሐር ሚካኤል እስከ አስፋልቱ ድረስ የጎርፉን ውሃ እስከ ጉልበቷ እየገፋች ነው የምትወጣው። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።

«እና የነገውን ቀጠሮ ትቸዋለሁ» አለች ታንጉት ልጇን እያወረደች።

«ለምን?»

«ጨሌ የሚደረድር እጅ ምን ሐኪም ያሻዋል? እቤት ባታነሳው እንኳ እዚህ ከናንተ ጋር ሠርታበት የለ? ለባሌም ለአማቴም ነገርኋቸው። አማቴ እልልታዋን አቀለጠችው።»

«የነገው ግን... ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሐኪም አይደለም እንዴ የሚያያት?»

«እሱ ነው። ቢላ ያስፈልጋት እንደሁ ሊወስን ነበር። ዛሬ ነገ ከተባለ ጅማቱ እሺ አይልም ብለውኝ፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቸ ነበር መሰለሽ። ተመስገን፤ ድናለች። ይችን ልጅ ማን ቢላ ያስነካታል?»

ይህን ብላ ልጇን ሳመችና መጥረጊያዋን ልታነሳ ሮጠች። እየሩስ እንድትቆይ አልጠራቻትም። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ሁለት እናቶች በሩ ላይ ቆመው ነበርና በእነሱ ፊት መናገሩ አሳፈራት፤ ከወጡ በኋላ ደግሞ ዝም ማለቷ ይበልጥ አሳፈራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እየሩስ የአንበሳሜ ከተማ ልጅ ናት። በሰኔ ባሕር ዳር ለአሥር ቀን ሥልጠና ገብታ፣ ሕፃናት ክረምቱን በምን በምን የእጅ ሥራ እንደሚውሉ ተምራ መጣች፤ የሩዝ ገለባ በሙጫ መለጠፍ፣ ፍሬው በተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቀለም ማተም፣ ጭቃ ማድቦልቦል። አሠልጣኟ ደጋግማ ያለችው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ ራሱ ይሥራ፣ አንቺ እጅሽን ሰብስቢ። እየሩስ ይህን በደብተሯ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ሁለት ጊዜ ማስመር ምን ይጠቅማል።

ባለፈው ሳምንት እንግዶች ማቆያውን ሊጎበኙ ነው ተባለ። ልጆቹ ያን ሰሞን ከግቢው ጥቁር አፈር ፍሬ እያድቦለቦሉ፣ በስንደዶ እየበሱ፣ ጨሌ ሊሠሩ ይታገሉ ነበር። ገሚሱ ተጨፍልቋል፣ ገሚሱ ፀጉር ይዟል፣ አንዱን ሰውመሆን የሚባለው ሕፃን በልቶታል። የማቆያው ኃላፊ ወይዘሮ ውባንቺ መጥታ ትሪውን አየችና፣

«ይኼ የእጅ ሥራ ነው የፍየል በጠጥ?» አለች።

እየሩስ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ሲተኙ ብቻዋን ቁጭ ብላ አድቦለቦለች፣ በሳች፣ ከከሰል ምድጃው ዳር አደረቀች፣ ቀለም ቀባች፣ በክር ደረደረች። ዘጠኝ ጨሌ ሠርታ በየጨሌው ላይ የልጁን ስምና ዕድሜ የያዘ ወረቀት አሰረች። የልጆቹን ሥራ ቦዩ ውስጥ ደፋችው፤ ዝናቡ በአንድ ቀን አሟሟው።

ትናንት እንግዶቹ መጡ። አንዷ እንግዳ የሉሊትን ጨሌ አንስታ ወረቀቱን አነበበችና «በዚህ ዕድሜ?» አለች። ኮሪደሩን የምትወለውለውን ታንጉትን አስጠርታም ጨሌውን አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። ታንጉት እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች አለቀሰች። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። እየሩስም አብራ አጨበጨበች።

አሁን ልጆቹን ገንፎ አብልታ ስታበቃ ሉሊትን ለብቻዋ አስቀመጠቻትና ጭቃ ሰጠቻት። ምናልባት፣ አለች በልቧ፣ ምናልባት እውነት ተሽሏት ይሆናል። ሰው ሲያፍር የማይመኘው የለም። ሉሊት ግን ጭቃውን በግራ እጇ ጨበጠች። ቀኟን በግራዋ አንስታ ጭቃው ላይ አኖረችው፤ እጇ ተንሸራቶ ወደቀ። እንደገና አነሳችው፤ እንደገና ወደቀ። አልተከፋችም፣ አላለቀሰችም፤ ዕቃ እንደምታነሳ ሁሉ እያነሳች ታኖረው ነበር። በስተመጨረሻ አንድ ጠፍጣፋ ጭቃ ሆነ። ጫፉ ላይ የቀኝ አውራ ጣቷ አሻራ ለመታየት ያህል ብቻ አርፎበታል።

«ኢዩ፣ እይ» አለች ሉሊት፤ እየሩስን የምትጠራት እንዲህ ነው።

እየሩስ ጭቃውን ተቀብላ ወደ ወይዘሮ ውባንቺ ቢሮ ሄደች።

«እትዬ፣ ለታንጉት እውነቱን ልነግራት ነው።»

ውባንቺ ቀና አለች። «ምኑን?»

«ጨሌውን እኔ እንደሠራሁት። ልጅቱ ዳነች ብላ የነገውን የሐኪም ቀጠሮ ልትተው ነው።»

«ሂጂ ብለሽ ምከሪያታ። ይኼን መናገር ምን አመጣው?»

«ያ ጨሌ አንገቷ ላይ እያለ ትሰማኛለች?»

ውባንቺ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የተጨነቀች ሴት ናት። «እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ እኛም ያደረግነው እሱን ነው። ደግሞ እንግዶቹ ሐሙሲት ከተማ ሄደሽ የጭቃ ሥራውን ለሌሎቹ ሞግዚቶች እንድታሳዪ ጠይቀውሻል። ከተናገርሽ አንቺም እኔም ነን የምንዋረድ።»

«እኔስ ተዋርጃለሁ፣ እትዬ» አለች እየሩስ ቀስ ብላ፤ ከዚያም ወጣች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታንጉት ልጇን ልትወስድ መጣች። ጨሌው አሁንም አንገቷ ላይ ነው። እየሩስ ሌሎቹ እናቶች እስኪወጡ ልትጠብቅ አሰበችና መልሳ ተወችው፤ ጠዋት የጠበቀችው ይበቃል።

«እታለም፣ ጨሌውን ሉሊት አልሠራችውም። እኔ ነኝ የሠራሁት። የሁሉንም ልጆች እኔ ነኝ የሠራሁ። እጇ አልዳነም፤ ዛሬም አይቸዋለሁ።»

ከእናቶቹ አንዷ ጃንጥላዋን መዝጋት ተወች። ታንጉት መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታው ከፊቷ ለመጥፋት ጊዜ ወሰደበት።

«አንዱንም ፍሬ?»

«አንዱንም።»

«እኔ እኮ አማቴ ፊት ቆሜ...» አለችና ተወችው። ጨሌውን በራሷ ላይ አሾልካ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የሷ የታለ? የሠራችው ነገር አይጠፋም መቸም።»

«ጣልሁት። ያምራል ብዬ አላሰብሁም።»

«እሱን ብትሰጭኝ እሱን አጠልቀው ነበር» አለች ታንጉት።

እየሩስ ከዚህ ይልቅ ስድብ ብትሰማ ይሻላት ነበር። ታንጉት ግን አልተሳደበችም። እየሩስ መስኮቱ ላይ ልታደርቀው ያኖረችውን የዛሬውን ጠፍጣፋ ጭቃ አንስታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። «ይኼ የራሷ ነው። ከጫፉ ያለው የቀኝ ጣቷ ነው።»

ታንጉት ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። በኋላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «ለሐኪሙ አሳየዋለሁ።»

«ነገ አብሬያችሁ ልሂድ?»

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አለች ታንጉት። ልጇን አዝላ ወጣች፤ ደህና እደሪ አላለችም።

እናቶቹም እየሩስን ቀና ብለው ሳያዩ ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። ክፍሉ ውስጥ ስምንቱ ጨሌዎች ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው። እየሩስ አንድ በአንድ አወረደቻቸውና የልጆቹን ስም የያዙትን ወረቀቶች ፈታች። ውባንቺ ቁልፍ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ልትጥያቸው ነው?»

«አይ፣ እትዬ። አሁን አልጥልም።»

ዘጠኝ አዲስ ወረቀት ቆረጠች። በእያንዳንዱ ላይ በትልልቁ ጻፈችበት፤ «የሠራችው፦ እየሩስ፣ 26 ዓመት።» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የሉሊትን ጨምራ፣ ወረቀቱን በየጨሌው አስራ፣ ነገ የሚገባ ወላጅ ሁሉ እንዲያየው፣ በሩ ፊት ለፊት ሰቀለቻቸው።