ግንባሩ የደረቀ ዕለት

በጡብ ፋብሪካው ውስጥ ሰው ሁሉ «ብረቱ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ልጁና ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ምድጃ ያዘዘ ሰው ነው፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ግንባሩ ረጥቦ እንደማያውቅ ለመጣ ለሄደው ያወራል። እውነቱን ነው። ነፋስ በሚገባበት በር ላይ ቆሞ የሚያዝ ሰው ግንባሩ ለምን ይረጥባል? ይህን በፊቱ ደፍሮ የሚናገር ግን አልተገኘም።

እዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ። ጥሬ ጡብ ምድጃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ውሃውን በእንፋሎት ያወጣል፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ ነጩ ይግተለተላል። እንፋሎቱ ሲቆም ጡቡ ደርቋል ማለት ነው፤ ያኔ እሳት ይጨመርበታል። ብረቱ ይህንን ሕግ ከጡብ ወደ ሰው አዛወረው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በየሰዓቱ በመዳፉ ጀርባ ግንባሩን ይዳብሰዋል። ላብ ካገኘ «ገና ጥሬ ነህ» ይልና እጁን በሰውየው ሸሚዝ ይጠርጋል። ጥሬ የተባለ ሰው እስከ ምሳ ውሃ አይቀምስም፤ በሚደርቅ ጡብ ላይ ውሃ የሚደፋ ማን አለ? ብልጦቹ ሽንት ቤት ገብተው ከቧንቧው ይጠጣሉ፣ ፊታቸውን በእጅጌያቸው አድርቀው ይመለሳሉ፣ «በሰልክ» ይባላሉ። ብረቱም «እሳት ካየው ምን ለየው» እያለ ደስ ይለዋል።

አማቹ ግን ብልጥ አልነበረም። ልብስ ሰፊ ነበር። የተከራያት ሱቅ ስትፈርስበት ሥራ አጥቶ ሲንከራተት፣ ሚስቱ አባቷን ለምና ምድጃው ላይ አስቀጠረችው። ብረቱ አንዲት ልጁን ለመርፌ ያዥ መዳሩ ስምንት ወር ሙሉ ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረ ነው። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ «ቁልፍ የተበጠሰበት ካለ አማቼ አለለት» እያለ ያስቅበታል። ሰውየውም አብሮ ይስቃል። ብረቱን ይበልጥ የሚያበሽቀው ይኸው አብሮ መሳቁ ነበር።

ሥራ በጀመረ በአሥረኛው ቀን ጠዋት አማቹ ዓይኑ ቀልቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ መጣ። ብረቱ ግንባሩን ሲነካው ፈጀው፤ ላቡም ይንቆረቆራል። አሞህ ነው ወይ ቢለው፣ ከትናንት ጀምሮ ትንሽ እንዳተኮሰው፣ አሁን ግን ደህና እንደሆነ ነገረው። ብረቱ ሳቀ። ትኩሳት በላብ እንደሚወጣ፣ ለዚህ ደግሞ ከእሱ ምድጃ የተሻለ ሐኪም እንደሌለ አስረዳውና አካፋ አስጨብጦ ከእሳቱ አፍ ፊት ገተረው።

አራት ሰዓት ላይ ሲዳብሰው እጁ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። ደግሞ ሞከረ። ጠብታ የለም። አንገቱን አየ፣ ሸሚዙን ገልጦ ብብቱን አየ፤ የቀረው ነጭ የጨው መስመር ብቻ ነው። አሥር ቀን ሙሉ እንደ ወንፊት ሲያፈስ የከረመ ሰው ደረቀ። ብረቱ ያላሰበው ደስታ ደረቱን ሞላው። ሠራተኛውን ሁሉ ጠርቶ የአማቹን ግንባር በተራ አስነካቸው። አጨበጨቡለት።

«ልጄ፣ ዛሬ በሰልክ» አለው። ከዚያ በፊት ልጄ ብሎት አያውቅም።

አማቹ ፈገግ አለ። ፊቱ ቀይ ሸክላ መስሏል። «አባባ፣ ትንሽ ልቀመጥ?»

«እንፋሎቱ ካለቀ በኋላ ነው እሳት የሚጨመረው» አለ ብረቱ፣ ሌሎቹ እንዲሰሙለት ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ተጨመረ። ቆይቶ አማቹ አካፋውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የምድጃውን በር በስንዝሩ ይለካ ጀመር። «ትከሻ አርባ ስድስት፣ እጅጌ ስልሳ» እያለ ያጉረመርማል። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ከሰል ገፊው፣ «ሰውየው ደህና አይደለም፣ ደጅ ይውጣ» ቢል፣ ብረቱ «የድሮ ሙያውን እየተሰናበተ ነው» አለና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። አለቃ ሲስቅ የማይስቅ ማን ነው? ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አማቹ በግንባሩ ተደፋ። እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጡብ በሚጭነው መኪና ላይ አጋድመው ሆስፒታል አደረሱት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው።

ሐኪሟ ልብሱን አስወልቃ በበረዶ ከሸፈነችው በኋላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የብረቱ ልጅም ደርሳ ነበር፤ እየሮጠች ስለመጣች ትንፋሿ ገና አልተመለሰም።

«ላቡ የቆመው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ሐኪሟ ብረቱን ጠየቀችው።

ብረቱ ሰዓቱን እንደ ስሙ ያውቀዋል። የተጨበጨበበት ሰዓት ነው። ልጁን አየ፣ ሐኪሟን አየ።

«እንደቆመ ነው ያመጣነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በእጄ ነክቼዋለሁኮ።»

ሐኪሟ ለልጅቷ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሕመም ሲገባ ሰውነት ሙቀቱን የሚጨምረው ዐውቆ ነው፤ በሽታውን የሚወጋበት መሣሪያው ነው። ሲበቃው ደግሞ ራሱ በላብ ያበርደዋል። በዚያ ሁሉ ሙቀት መካከል ላብ ቆመ ማለት ግን ሰውነት መከላከሉን ተወ፣ እጁን ሰጠ ማለት ነው፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንጎሉ፣ ጉበቱ፣ ኩላሊቱ ይበስላል። ብረቱ ይህን ሲሰማ የወለሉን ሰቆች ይቆጥር ጀመር።

«የገረመኝ» አለች ሐኪሟ፣ «ላቡ እንደቆመ ከደረሰ ይህን ያህል መጎዳት አልነበረበትም። እንግዲህ ሕመሙ ከቤት ሲወጣም ጠንቶበት ነበር ማለት ነው። አልጋው ላይ ቢውል ኖሮ ለዚህ አይደርስም ነበር።»

«አልጋው ላይ?» አለች ልጅቷ። ሐኪሟ ግን ተጠርታ ሄዳለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሞተ። ልጅቷ አልጮኸችም። ከክፍሉ ወጥታ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። ያጨበጨቡት ሠራተኞች ከኮሪደሩ ጫፍ ቆመው ጫማቸውን ያያሉ።

«አባባ፣ አልነሳም ብሎኝ ነበር» አለች። «ብርድ ልብሱን ገፍፌ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ከቀረህ አባቴ ይስቅብሃል፣ እኔንም አታዋርደኝ አልኩት። እየተንቀጠቀጠ ነው ጫማውን ያሰረው። እኔ ነኝ አይደል የገደልኩት?»

በብረቱ ምላስ ላይ የመጣው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ አራት ሰዓት። ይህችን ቢተፋት ልጁ ከዚያ ወንበር ላይ ሸክሟ ወርዶላት ትነሣለች፤ በእሱ ፊት ግን ዳግመኛ አትቀመጥም። ይህን አሰበ። ከኮሪደሩ ጫፍ ከሰል ገፊው ቀና ብሎ አየው፤ ብረቱም መልሶ አፈጠጠበት፣ ሰውየውም አንገቱን ደፋ።

«አይዞሽ» አላት ብረቱ፣ ትከሻዋን አቅፎ። «ልጅነት ነው። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ፤ እሱም ካለበት ሆኖ ይቅር ይልሻል።»

ደረቱ ላይ ተደፍታ፣ እግዜር ይስጥልኝ አባባ አለችው።