የናጅዋ ሲሶ

ቁጡ ነኝ። መርሳ ከተማ ላይ «ሙሄዲን ልብስ ሰፊው የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሱቄን ከማሳየታቸው በፊት ቁጣዬን ይነግሯችኋል። እውነታቸውን ነው። ይሄን አስቀድሜ የማወራው ኋላ በናጅዋ ላይ ያደረግሁትን ስትሰሙ እንዳይገርማችሁ ነው።

ናጅዋ ለማጅ ሆና ስትመጣ የሠላሳ ዓመት ሴት ነበረች። እዚሁ አቅራቢያችን ያለችው የግራና ልጅ ናት፤ ከባሏ ተፋትታ፣ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መርሳ ቤት ተከራይታ ነበር። ሌላው ለማጅ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ «ያስተምሩኝ» ይላል እንጂ ስለ ክፍያ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። እሷ ግን ሰላምታ እንደሰጠች፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ክፍያው እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ክፍያ? መርፌ መያዝ ሳትችይ?»

«ልጅ አለችኝ ጋሼ። አካሄዱን ሳላውቅ አልጀምርም።»

ወላሂ፣ ወደድኳት። እየተቆጣሁም ወደድኳት። ቁጭ አድርጌ ነገርኳት።

«እኛ ዘንድ የለማጅ ክፍያ እንደ እርሻ ነው» አልኳት። «መጀመሪያ ምሳ ነው። እጅሽ እስኪለምድ ከምትሠሪው የምታበላሺው ስለሚበልጥ፣ ምሳሽን እየበላሽ ትማሪያለሽ። ቀጥሎ በቁጥር ነው፤ በተከልሽው ቁልፍ፣ ባጠፍሽው የሱሪ እግር ልክ ትንሽ ትንሽ ታገኛለሽ። ከዚያ ሲሶ ይመጣል። እኔ የቀደድኩትን ጨርቅ አንቺ ሰፍተሽ ስትጨርሺ፣ ከእጅ ዋጋው አንዱ እጅ ያንቺ ነው፣ ሁለቱ የኔ፤ አንዱ ለስፌት መኪናዬ፣ አንዱ ለቅዴ። ራስሽ ለክተሽ ራስሽ ስትቀድጂ ደግሞ እኩል ትደርሻለሽ። እኩል አንድ ዓመት የበላ ለማጅ ካስተማረው ሰው እጅ መቀስ ተቀብሎ ይወጣል፤ የራሱን ሱቅ ይከፍታል። እኔም ይሄንን መቀስ ወልድያ ላይ ከጋሽ ፈንታው እጅ ተቀብዬ ነው የወጣሁት።»

መቀሱን አገላብጣ አየችው። «እንግዲያ በሦስት ዓመት ይደርሰኛል ማለት ነው» አለች። እኔም ሳቅሁባት።

መሳቄ ለከንቱ ነበር። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሲሶ ገባች። የኔ ዓይን እየደከመ፣ የሷ እጅ እየተፍታታ ሄደ። አንድ ቀን የሙሽራ ኮት ትከሻው አልገባ ብሎኝ ስበሳጭ፣ «እስቲ ልየው ጋሼ» ብላ ለክታ ቀደደችው። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ትከሻ ቀድጄ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ደንበኛው ሁሉ ሱቅ ገብቶ አንገቱን ያሰግጋል፤ «ናጅዋ የለችም እንዴ?» ይለኛል፣ እኔ ፊቱ ተገትሬ!

ለክታ ትቀድዳለች፣ ቀድዳ ትሰፋለች። እኔ የምከፍላት ግን ሲሶ ነበር። ባለቤቴ ከድጃ፣ «አንተ ሰው፣ የልጅቱን ሐቅ ምን አደረግኸው?» ስትለኝ፣ «ገና ናት፣ ትከሻ ብቻ ነው የምታውቀው» እላታለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እውነቱን ልንገራችሁ? እኩል ካልኳት በዓመቱ ትወጣለች። ሁለቱ ልጆቼ ጅዳ ናቸው፤ ሱቁ ውስጥ የሚስቅብኝ፣ ክር በመርፌ የሚያስገባልኝ፣ ስቆጣ «አብሽሩ ጋሼ፣ ጨርቅ ነው እኮ» የሚለኝ ከሷ ሌላ አልነበረም። ወድጃት ነው ሐቋን የበላሁት። እንዲህም ያለ መውደድ አለ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን ራሷ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ቅዱም የኔ ሆኗል። እኩል አልደረስኩም?»

አፈርኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጮህኩባት። «አልደረስሽም! የሚደርሰው እኔ ደረሰ ስል ነው!»

«እሺ ጋሼ» አለችና ወደ መኪናዋ አጎነበሰች። ያን ቀን ሳቋን አልሰማሁም።

ወሩ አልሞላም፣ ነሐሴ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ከወልድያ ወደ እኛ ወረደ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሱቁን ያንቀጠቅጠው ጀመር። ከድጃን ይዤ ወደ ደሴ ስሸሽ፣ መቀሱን ኪሴ ከትቼ የሱቁን ቁልፍ ለናጅዋ ሰጠኋት። «ወደ እናትሽ ከሄድሽ ቆልፈሽ ሂጂ» አልኳት። ደህና ሁኚ እንኳ በወጉ አላልኳትም። ስልክ ተቋረጠ፣ መንገድ ተዘጋ፤ እኛም ከደሴ ወዲያ እየተገፋን አራት ወር በሰው ቤት ከረምን።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። የሱቄ በር ተገንጥሏል። ጨርቅ የለ፣ ክር የለ፣ ሁለቱም መኪናዎቼ፣ ትልቁ የእግርም ትንሹ የእጅም፣ የሉም። መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ የሺ ስታጽናናኝ ቆየችና፣ «ናጅዋን ግን ግራና አየኋት ጋሽ ሙሄዲን» አለችኝ። «በእጅ መኪና ትሰፋለች። ያንቱን መኪና መሰለኝ።»

ደሜ ፈላ። ተዘረፍኩ ብዬ ያለቀስኩት ለካ በገዛ ለማጄ ተዘርፌ ነው! ከድጃ «ተው፣ መጀመሪያ ጠይቃት» ብትለኝ አልሰማኋትም። በማግስቱ በጠዋት ግራና ገባሁ።

ከእናቷ ቤት ደጃፍ፣ ፓፓያ ጥላ ሥር፣ በኔ መኪና የልጅ ካናቴራ ትጥፋለች። ስታየኝ «ጋሼ! በሕይወት አሉ?» ብላ ዘላ ተነሣች። እኔ ሰላምታዋን ሳልመልስ፣ መንገደኛ እየሰማ፣ «ሲሶ ቢያንስሽ መኪናዬን ታነሺ?» ብዬ ጮህኩ።

እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው። «ይግቡ» ብላ ወደ ጓዳ መራችኝ። ግድግዳው ሥር ሦስት ጆንያ ተደግፏል። ሁለቱ ጢም ብለው ሞልተው አፋቸው በክር ተሰፍቷል፤ ስፌቷን አውቀዋለሁ። ሦስተኛው አፉ ተከፍቶ ከታቹ ጥቂት ማሽላ ይታያል።

«ትልቁን መኪና ብቻዬን አልቻልኩትም» አለች። «ትንሹን በአንቀልባ አዝዬ፣ ነጠላ ጣል አድርጌበት ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዲት እናት ልጁ ምነው ጸጥ አለ አሉኝ፤ ተኝቷል አልኳቸው። እዚህ ብር ያለው ሰው አልነበረም። የተቀደደ ስጠግን፣ ከጆንያ ልብስ ስቀድ፣ ሰው በማሽላ ይከፍለኝ ነበር። ሁለቱ ያንቱ ነው፣ አንዱ የኔ። ሦስቱም እኩል ነበሩ፤ የኔን እየበላን ነው።»

ልጇን አየኋት። በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ አንገቷ ቀጥኗል። ያ ሁሉ የረሃብ ወር፣ ሁለት ሙሉ ጆንያ አጠገቧ ተሰፍቶ ተቀምጦ!

«አንቺ ሴት!» አልኩ። «ለክተሽ የቀደድሽ አንቺ፣ የሰፋሽ አንቺ! ምነው እኩል እንኳ ብታደርጊው?»

«አልደረስሽም ብለውኛል ጋሼ» አለችኝ።

በነገር ልትወጋኝ ብላ አልነበረም። የተባለችውን ነው የመለሰችልኝ። እኔ ሙሄዲን፣ ተቆጥቼ የማልጠግበው ሰው፣ እሰው ጓዳ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መቀሱን ከኪሴ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋት። «ከሙሽራው ኮት ጀምሮ ደርሰሻል። ፈርቼ ነው፣ እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ። ጆንያዎቹን ፍቺና ልጅሽን አብዪ። መኪናውም በበላሁት ሐቅሽ ፈንታ ያንቺ ነው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ።»

መቀሱን ያዘች። አገላብጣ አየችውና፣ «አውፍ ብያለሁ» አለች። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች አየችኝ። «አንቱ ያለ መኪና ምን ሊሠሩ ነው?»

«እኔ እንጃ። ለማጅ አትፈልጊም?»

አራት ወር የናፈቀኝን ሳቅ ሳቀችው። «ክፍያው ግን መጀመሪያ ምሳ ነው!»

የማሽላ ቂጣ በወጥ አቀረበችልኝ፤ በላሁ። ስጨርስ አንድ ሸሚዝና አምስት ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠች። ዓይኔ መርፌውን አላይ ቢለኝ ልጇ መጥታ ክሩን አስገባችልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ቁልፍ መትከል ጀመርኩ።